ዋስ የሌለው መስመር

(ለሆስፒታሎች የመድኃኒት ካዝና የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል፤ የካዝናዎቹን ከርነል፣ ማለትም ከሥር ሆኖ ሁሉን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሲጠብቁ የኖሩትና ሰውን ሁሉ፣ አልፎ አልፎም የገዛ ጥላቸውን የሚጠረጥሩት ጋሽ ሺበሺ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው የምትሠራው መሐንዲስ ስመኝ “ዋስ” የሚለው ቦታ ባዶ የሆነ አንድ ገጽ ቅጽ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

ስመኝ፦ ይፈርሙልኝ ነው ያልኩት ጋሼ፣ ይመርምሩኝ አላልኩም።

ሺበሺ፦ ሳልመረምር የፈረምኩበት ቀን የለም። ቁጭ በይ። … ቦርሳሽን ለምን ጭንሽ ላይ አደረግሽው?

ስመኝ፦ የት ላድርገው?

ሺበሺ፦ መሬት አለ።

ስመኝ፦ ቦርሳዬንም ይጠርጥሩት እንግዲህ።

ሺበሺ፦ ቦርሳውን አይደለም። ቦርሳውን ጭኑ ላይ የሚያደርግ ሰው ለመሄድ የተነሳ ሰው ነው። የት ልትሄጂ ነው?

ስመኝ፦ ቅጹን ያንብቡልኝ እባክዎ።

ሺበሺ፦ አነበብኩት። “ከከርነሉ አንድ የፈቃድ ፍተሻ ይነሳ። ምክንያት፦ ትርፍ ስለሆነ።” አለቀ። የሰርግ መጥሪያ እንኳን ከዚህ ይረዝማል።

ስመኝ፦ አንድ መስመር ለማንሳት ስንት ገጽ ልጻፍ?

ሺበሺ፦ ሃምሳ መስመር ብታነሺ ይህን ያህል አልሰጋም ነበር። ሃምሳ የሚያነሳ ቤት እያጸዳ ነው። አንዷን መርጦ የሚያነሳ ግን የሚፈልገውን ያውቃል።

ስመኝ፦ አዎ፣ አውቃለሁ። ትርፍ መሆኗን አውቃለሁ።

ሺበሺ፦ የዚህን ቤት ደንብም ታውቂያለሽ። ከርነሉን የሚነካ ሰው ዋስ ያስፈርማል። ሰው ሲቀጠር ዋስ አምጣ እንደሚባለው ማለት ነው። ነገ ማሽኑ ቢሳሳት የሚጠየቀው የነካው ብቻ አይደለም፣ ዋሱም ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ስመኝ፦ እዚህ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ለጨመረ ሁሉ ሲፈርሙ አይቻለሁ። ለቀነሰ ሲፈርሙ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ሺበሺ፦ ለጨመረ ምን ቸገረኝ? ቁልፍ ላይ ቁልፍ ስለተጨመረ የተዘረፈ ቤት አላውቅም።

ስመኝ፦ የርስዎ መሳቢያ እኮ ሁለት ቁልፍ አለው። ማህተሙን ለማውጣት ሲታገሉ ስንት ጊዜ አይቼዎታለሁ።

ሺበሺ፦ ማህተሙ ግን ጠፍቶ ያውቃል?

ስመኝ፦ ቁልፉ ጠፍቶ ግን አናጺ ጠርተናል።

ሺበሺ፦ ቀልዱን ተይውና ወደ ነገሩ እንግባ። ይህን ፍተሻ በቃልሽ አስረጂኝ። ምንም እንደማላውቅ አድርገሽ።

ስመኝ፦ እርስዎን?

ሺበሺ፦ እኔን። ሰው የሚደብቀው ነገር የሚታየው ሲያስረዳ ነው።

ስመኝ፦ እሺ። አንዲት ፋርማሲስት ካዝናው ጋ ትመጣለች። የራሷን የሚስጥር ቁጥር ታስገባና ሦስተኛው መሳቢያ እንዲከፈትላት ትጠይቃለች። ከርነሉ ሁለት ጊዜ ይፈትሻታል። መጀመሪያ “ይቺ ሰው የማሽኑ አስተዳዳሪ ናት ወይ?” ይላል። ናት ቢባልም አይደለችም ቢባልም ያሳልፋታል። ከዚያ ሁለተኛው ፍተሻ “ለዚህ መሳቢያ ፈቃድ አላት ወይ?” ይላል። ካላት ይከፍታል፣ ከሌላት አይከፍትም። የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

ሺበሺ፦ የመጀመሪያውስ?

ስመኝ፦ የመጀመሪያው ግቢያችን በር ላይ እንደሚቆመው ጥበቃ ነው። “ኃላፊ ነሽ?” ይለኛል። “አይደለሁም” እለዋለሁ። “እለፊ” ይለኛል። ታዲያ ለምን ጠየቀኝ?

ሺበሺ፦ እንዲያውቅሽ።

ስመኝ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ?

ሺበሺ፦ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ቢመጣስ? የመጀመሪያው ከሌለ በምን ያልፋል?

ስመኝ፦ በሁለተኛው። አስተዳዳሪ ለሁሉም መሳቢያ ፈቃድ አለው። ሁለተኛው እሱንም ያውቀዋል።

ሺበሺ፦ በሁለተኛው ሳያልፍ የሚገባበት መንገድ ቢኖርስ? የመጀመሪያው ብቻ የሚጠብቀው ጓሮ።

ስመኝ፦ ጓሮውን ዞሬዋለሁ። መሳቢያ የሚከፈትባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ሁለተኛው ፍተሻ ጋ ይገናኛሉ። መስመሯን አንስቼ በሙከራ ማሽኑ ላይ ሞክሬዋለሁ። አስተዳዳሪ ሆኜ ገባሁ፣ ፋርማሲስት ሆኜ ገባሁ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሆኜ ልግባ ብል ከለከለኝ፣ ጨርሶ ያልተፈጠረ ሰውም ሆኜ ሞከርኩ። ከበፊቱ የተለየ ነገር የለም። የሚከፈተው ተከፈተ፣ የሚዘጋው ተዘጋ።

ሺበሺ፦ የሙከራ ማሽኑን መቼ ያዝሽው?

ስመኝ፦ ሰኞና ማክሰኞ።

ሺበሺ፦ ሰኞና ማክሰኞ የተመደበልሽ የስክሪኑ ሥራ ነበር።

ስመኝ፦ ጨርሼዋለኋ።

ሺበሺ፦ ይህንንስ ማን አዘዘሽ?

ስመኝ፦ ማንም።

ሺበሺ፦ ይኸው! ማንም ሳያዛት፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ አምስት ዓመት ሰው ዞር ብሎ አይቷት በማያውቅ መስመር ላይ። ቀልቤ አልወደደውም ስመኝ። እውነቴን ነው፣ ጨርሶ አልወደደውም።

ስመኝ፦ አምስት ዓመት መሆኑን እንዴት አወቁ?

ሺበሺ፦ ምኑን?

ስመኝ፦ መስመሯ ከገባች አምስት ዓመት መሆኑን። ቅጹ ላይ አልጻፍኩትም።

ሺበሺ፦ የከርነሉን እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ።

ስመኝ፦ ሠላሳ ሺህ መስመር ነው ጋሼ።

ሺበሺ፦ እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ። ፍተሻው የማይከፍት የማይዘጋ ከሆነ ምን በደለሽ? ተይው፣ ይቀመጥ። ዳቦ አይጠይቅ።

ስመኝ፦ አይወስንም አልኩ እንጂ ምንም አይሠራም አላልኩም። ይጽፋል።

ሺበሺ፦ ምን ይጽፋል?

ስመኝ፦ አስተዳዳሪ ያልሆነ ሰው በመጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ “ከሥልጣን በላይ ሙከራ” ብሎ።

ሺበሺ፦ አሃ! እንዲህ በይኛ ከመጀመሪያው። አንቺ የምታነሺው ፍተሻ አይደለም፣ ምስክር ነው።

ስመኝ፦ ምስክር አይደለም፣ ሐሜተኛ ነው።

ሺበሺ፦ ስሙ መዝገብ ላይ እንዳይወጣ የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው። ስልክሽን አጥፊና እዚህ ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ።

ስመኝ፦ ጋሼ!

ሺበሺ፦ አጥፊው አልኩ። … ጎሽ። አሁን ማን እንደላከሽ ንገሪኝ።

ስመኝ፦ እስካሁን የተጻፈውን አልነካም እኮ። ያለፈው መዝገብ ቅጂው እርስዎ ጋ አለ፣ ሆስፒታሎቹም ጋ አለ። እኔ የምለው ከዛሬ በኋላ አይጻፍ ነው።

ሺበሺ፦ ከዛሬ በኋላ። ለምን ከዛሬ? ከትናንት ወዲያ ለምን አልሆነም? ለምን የሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም? ምን ሰጡሽ?

ስመኝ፦ ምን … ምን ሰጡሽ አሉኝ?

ሺበሺ፦ ሰምተሻል።

ስመኝ፦ ይህቺ ቃልስ አሳዘነችኝ። ሦስት ዓመት አብሬዎት ስሠራ እርሳስ እንኳን ይዤ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ነገር እንደሚያጠብቁ አውቃለሁ፣ ለሰው ሁሉ የምናገረውም “ጋሽ ሺበሺ ክፋት የለባቸውም፣ ተፈጥሯቸው ነው” እያልኩ ነው። ዛሬ ግን አሳዘኑኝ።

ሺበሺ፦ እዘኚ። ካዘንሽ በኋላ ግን ትናንት ስለመጣልሽ ደብዳቤ ንገሪኝ። ጽሕፈት ቤት አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ማህተም፣ የሆስፒታል።

ስመኝ፦ የግል ደብዳቤ ነው።

ሺበሺ፦ የግል ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት አድራሻ? አሁን ቦርሳሽ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነዋ እንደ ልጅ ያቀፍሽው።

ስመኝ፦ ይውሰዱት። ይኸው። ያንብቡት።

ሺበሺ፦ አንቺው አንብቢው። የሰው ደብዳቤ አላነብም።

ስመኝ፦ ደግ ነዎት። “ለወይዘሪት ስመኝ አበራ። ዋስ የሆኑላት የሆስፒታላችን ፋርማሲስት ረድኤት ጌጡ፣ ከአደገኛ መድኃኒቶች ካዝና ስድስት ብልቃጥ ሞርፊን ጎድሎ በመገኘቱና የማሽኑ መዝገብም በሁለት ወር ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ከሥልጣኗ በላይ መሞከሯን በማሳየቱ፣ ነገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ዋስትናዎን የሚያጸኑ ወይም የሚያነሱ መሆንዎን እስከዚያው በጽሑፍ እንዲያሳውቁን።” ነገ የተባለው ዛሬ ነው።

ሺበሺ፦ ረድኤት ምንሽ ናት?

ስመኝ፦ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ዶርም ነበርን። ስትቀጠር የፈረምኩላት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰው ካልደረሰላት ከሥራዋ ትባረራለች፣ ፈቃዷንም ይነጥቋታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ፋርማሲ ይቀጥራታል? ሌባ ተብላ!

ሺበሺ፦ ለዚህ ነው ቅጹ ላይ “ትርፍ ስለሆነ” ብለሽ አንድ መስመር የጻፍሽው። እኔ እንደ ጽዳት ቆጥሬ ልፈርምልሽ፣ አንቺ ደግሞ የድርጅቱን ማህተም ይዘሽ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴ ፊት ልትቆሚ። “ሠሪዎቹ ራሳቸው ስህተት ነው ብለው አንስተውታል” ልትዪ።

ስመኝ፦ አዎ።

ሺበሺ፦ አታፍሪም?

ስመኝ፦ አፍራለሁ። የተደበቅኩት ለምን እንደሆነ ግን ልንገርዎት። እውነቱን ብነግርዎ ገና ስሟን ስጠራ በሩን ስለሚዘጉብኝ ነው። በርስዎ ዘንድ የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ ነው።

ሺበሺ፦ ስሚኝ። እንደ ልጄ ነው የምመክርሽ። አንቺ ገና ብዙ የምትሠሪ ነሽ። ዋስትናሽን አንሺ። ደብዳቤ ነው፣ ሦስት መስመር ነው፣ ታስገቢያለሽ፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ስመኝ፦ ሦስት መስመር መሆኑን እንዴት አወቁ?

ሺበሺ፦ ይገመታል።

ስመኝ፦ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?

ሺበሺ፦ “ከላይ ስሙ ለተጠቀሰው ሠራተኛ የሰጠሁትን ዋስትና ከዛሬ ጀምሮ በፈቃዴ ያነሳሁ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ከዚህ በኋላ ለሚፈጽመው ድርጊት የማልጠየቅ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ።”

ስመኝ፦ በቃልዎ ይዘውታል።

ሺበሺ፦ የቢሮ ቋንቋ ነው፣ ማንም ይይዘዋል።

ስመኝ፦ “ስሙ ለተጠቀሰው” ነው ያሉት። ረድኤት ሴት ናት።

ሺበሺ፦ የአፍ ስህተት ነው።

ስመኝ፦ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ? መስመሯን ማን እንዳስገባት ከርነሉ ታሪክ ውስጥ ፈልጌ ነበር። ማን ምን እንደነካ ሁሉም ተጽፏል፣ ይህም የርስዎ ደንብ ነው። “ቀያሪ፦ ሺበሺ ወልዴ” ይላል።

ሺበሺ፦ ይበል። አልካድኩም።

ስመኝ፦ ቀጥሎ ያለውን ልንገርዎ?

ሺበሺ፦ አያስፈልግም።

ስመኝ፦ “ዋስ፦ ሺበሺ ወልዴ።” ለራስዎ ራስዎ ዋስ ሆነዋል። እኔን እዚህ አስቀምጠው ቦርሳዬን የሚጠረጥሩት ሰውዬ፣ ያቺን መስመር ሲያስገቡ ማንም አልጠየቀዎትም።

ሺበሺ፦ ያኔ ብቻዬን ነበርኩ! ክፍሉ ውስጥ እኔና አንድ ኮምፒውተር ነበርን። ዋስ ከየት ላምጣ? ደግሞስ ምን አደረግኩ? አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። መጠየቅ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ሌባ ቢመጣ ዱካው ይቀራል፣ ንጹሕ ሰው ቢመጣ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ስመኝ፦ ንጹሕ ሰው ሲመጣ ይህ ይሆናል። አርባ አንድ ጊዜ።

ሺበሺ፦ ቆይ፣ ቆይ። አትቸኩዪ። አሁን የምጠይቅሽን ከመለስሽልኝ እፈርምልሻለሁ። ያ ካዝና ላይ ስንት ሰው ይሠራል?

ስመኝ፦ አስራ አንድ።

ሺበሺ፦ አስራ አንዱም አስተዳዳሪ ናቸው?

ስመኝ፦ አይደሉም። አስተዳዳሪዋ ኃላፊዋ ብቻ ናት።

ሺበሺ፦ እንግዲያው መስመሯ ሐሜተኛ ከሆነች አስሩንም ማማት ነበረባት። ያማችው ግን አንዷን ብቻ ነው፣ ያንቺዋን። የዘጠኙ ስም አንድ ጊዜ እንኳን አልወጣም። ለምን? መልሽልኝ! … አየሽ? ይህቺ ጥያቄ አፍ ታስይዛለች። እኔም ዱሮ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፣ መልሱንም ያገኘሁ መስሎኝ ነው ያንን …

ስመኝ፦ ያንን ምን?

ሺበሺ፦ መልሽ ብቻ።

ስመኝ፦ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ረድኤት መከሰሷን ደውላ ስትነግረኝ ቅዳሜ ሆስፒታሉ ሄድኩ፣ ማሽኑን ልፈትሽ ነው ብዬ። ጋሼ፣ ማሽኑ ጎን ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ስድስት አኃዝ ተጽፏል።

ሺበሺ፦ የምን አኃዝ?

ስመኝ፦ የኃላፊዋ የሚስጥር ቁጥር።

ሺበሺ፦ በስመአብ!

ስመኝ፦ ሁሉም የሚገቡት በሷ ቁጥር ነው። “እኛ ቤተሰብ ነን፣ ምን መደባበቅ ያስፈልጋል?” ብላ የሰጠቻቸው ራሷ ናት። በዚያ ላይ ይፈጥናል። በራሱ ቁጥር የሚገባ ሰው እዚያ ቤት እንደ ኩሩ ነው የሚታየው። “ምነው፣ የኛ አነሰሽ?” ይሏታል። ማሽኑ ታዲያ ዘጠኙንም ኃላፊዋ ናቸው ብሎ ያምናል፣ አስተዳዳሪ ስለሆነች ደግሞ አይጽፍባትም። እሷ ወልዳ አራስ ቤት በተኛችበት ሁለት ሳምንት ካዝናውን ሁለት መቶ ጊዜ ከፍታዋለች።

ሺበሺ፦ አራስ ሆና?

ስመኝ፦ አራስ ሆና። አንድ ሰው አልገረመውም። በራሷ ቁጥር፣ በራሷ ስም፣ ደንቡ እንደሚለው የገባች አንዲት ሴት ብትኖር ረድኤት ናት። መዝገቡ የያዘው እሷን ነው። ሞርፊኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም፣ አላውቅም ነው የምልዎ። የወሰደው ሰው ግን በፕላስተሩ ቁጥር ገብቶ ከሆነ መስመሯ አላየችውም።

ሺበሺ፦ ሌሎቹ ማሽኖች ጋስ? ከተማው ውስጥ ሌላ ዘጠኝ አሉን። ሌላ ቦታ ለምን እንዲህ ያለ ነገር አልተነሳም?

ስመኝ፦ ዘጠኙም ጋ ደወልኩ። ሰባቱ ጋ እንደዚሁ በአንድ ቁጥር ነው የሚገቡት። ሁለቱ ጋ ሁሉም በየራሳቸው ይገባሉ፣ መዝገባቸው ከላይ እስከ ታች “ከሥልጣን በላይ ሙከራ” ነው፣ ግን መድኃኒት ጎድሎ ስለማያውቅ ከፍቶ ያነበበው ሰው የለም።

ሺበሺ፦ በራስሽ ቁጥር ብቻ ግቢ ያላት ማነው?

ስመኝ፦ ማንን?

ሺበሺ፦ ልጅቷን። ረድኤትን። ሰው ሁሉ በአንድ ቁጥር ሲገባ እሷ ብቻዋን ከምን ተነስታ ነው?

ስመኝ፦ እኔ ነኝ። ዋስ ሆኜ የፈረምኩ ቀን ነግሬያታለሁ።

ሺበሺ፦ ምን ብለሽ? ቃሉን ንገሪኝ።

ስመኝ፦ “የሰው ቁጥር እንዳትነኪ። በራስሽ ቁጥር ገብተሽ በራስሽ ቁጥር ውጪ። ስሜን አደራ።”

ሺበሺ፦ ስሜን አደራ።

ስመኝ፦ አዎ። … ጋሼ? ምነው? ውሃ ላምጣልዎ?

ሺበሺ፦ አልፈልግም። ተቀመጪ።

ስመኝ፦ ፊትዎ ልክ አይደለም እኮ።

ሺበሺ፦ ይርጋለምም በራሱ ቁጥር ነበር የሚገባው።

ስመኝ፦ ይርጋለም ማነው?

ሺበሺ፦ የታላቅ እህቴ ልጅ። ፋርማሲስት ነው። የመጀመሪያውን ማሽን የገዛው ሆስፒታል ተቀጥሮ ነበር። ዋሱ እኔ ነበርኩ። የፈረምኩ ቀን እንዳንቺ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። በራስህ ቁጥር ብቻ ግባ፣ ስሜን አደራ። ማሽኑ የኔ ነዋ! የኔ የእህት ልጅ በሰው ቁጥር ሲገባ ቢገኝ ምን እባላለሁ ብዬ።

ስመኝ፦ ከዚያስ?

ሺበሺ፦ ከዚያ በዓመቱ መድኃኒት ጎደለ ተባለ። መዝገቡን አውጥቼ እንዳስረዳ የተጠራሁት እኔ ነኝ። የሱ ስም ብቻ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ። የሌላ ሰው የለም። ኮሚቴው “መዝገቡ ሊሳሳት ይችላል ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ። “አይችልም” አልኩ። “የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አይሳሳትም።” ያቺን ሦስት መስመር ማንም ሳይጠይቀኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኳት።

ስመኝ፦ አባረሩት?

ሺበሺ፦ አባረሩት። አራት ዓመት ሆነው። ደረጃው ላይ አግኝቶኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው ያደረግኩት” አለኝ።

ስመኝ፦ ወይኔ።

ሺበሺ፦ እኔ ምን መሰለኝ? የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ሰርቆ ደግሞ የሚያላግጥብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያቺን ንግግር ባሰብኳት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ዐይን ያወጣ ብዬ። እህቴ ቤቴ ረግጣ አታውቅም። ሲያገባም የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ስመኝ፦ አላወቁም ጋሼ።

ሺበሺ፦ አልጠየቅኩም! ሰውን ሁሉ ስጠይቅ ስኖር፣ ያቺን የገዛ መስመሬን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። … ቆይ። አሁንም ሳላይ አላምንም። አንቺንም አላምንም፣ አትቀየሚኝ። ላፕቶፕሽን አዙሪውና የሙከራ ማሽኑ ላይ ግቢ።

ስመኝ፦ እሺ። ማን ብዬ ልግባ?

ሺበሺ፦ አዲስ ሰው ፍጠሪ። ፋርማሲስት፣ ሦስተኛው መሳቢያ የተፈቀደለት። ስሙን … ይርጋለም በዪው።

ስመኝ፦ ይርጋለም። እሺ። መጀመሪያ መስመሯ እንዳለች። ቁጥሩን አስገባሁ። ተከፈተ።

ሺበሺ፦ መዝገቡን አንብቢ።

ስመኝ፦ “ይርጋለም። አምስት ሰዓት ከአስር። ከሥልጣን በላይ ሙከራ።”

ሺበሺ፦ ፈቃድ እያለው።

ስመኝ፦ ፈቃድ እያለው። ከሥሩ የሁለተኛው ፍተሻ ጽሑፍ ነበር እኮ፣ ግን ለኮሚቴ የሚታተመው ገጽ የሚያወጣው ጥፋት የሚለውን ብቻ ነው። አሁን መስመሯን አነሳሁ። እንደገና ገባሁ። ተከፈተ።

ሺበሺ፦ አንብቢ።

ስመኝ፦ “ይርጋለም። አምስት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ሦስተኛ መሳቢያ በፈቃድ ተከፈተ።”

ሺበሺ፦ ድገሚልኝ።

ስመኝ፦ “በፈቃድ ተከፈተ።”

ሺበሺ፦ … በፈቃድ።

ስመኝ፦ መሀረብ ልስጥዎት?

ሺበሺ፦ መነጽሬ ነው፣ አቧራ ይዞት ነው። ያን ቅጽ ወዲህ በይ። … ይህን አልፈርምም።

ስመኝ፦ ጋሼ! አሁን እኮ በዐይንዎ አዩ! እፈርምልሻለሁ አላሉኝም?

ሺበሺ፦ አየሁ። ይህን ግን አልፈርምም። ቀያሪ በሚለው ላይ ያንቺ ስም ነው ያለው። ኮሚቴው ምን ይላል? “የልጅቷ ዋስ ራሷ ናት የለወጠችው፣ ጓደኛዋን ልታድን ነው” ይላል። እኔ እዚያ ብቀመጥ እንደዚያ ነበር የምለው፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ። እኔን የመሰሉ ስንት እንዳሉ አታውቂም። ባዶ ቅጽ ስጪኝ።

ስመኝ፦ ይኸው። ምን ሊያደርጉ ነው?

ሺበሺ፦ አትጠይቂ። እየጻፍኩ እያየሽ ነው።

ስመኝ፦ “ቀያሪ፦ ሺበሺ ወልዴ። … ምክንያት፦ ይህ ፍተሻ ዛሬ አይደለም ትርፍ የሆነው፣ ሲገባም ስህተት ነበር። በራሳቸው ቁጥር የገቡ ሰዎችን ያለ ጥፋታቸው በመዝገብ ከሷል። ያስገባሁት እኔ ነኝ። አይሳሳትም ብዬ የመሰከርኩትም እኔ ነኝ።” ጋሼ … ይህን ኮሚቴ ፊት እኔ ነኝ የማነበው?

ሺበሺ፦ እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ስምንት ሰዓት አይደል ያልሽው? ሰባት ተኩል ላይ እንነሳለን። ኮፒ ሁለት አድርጊ።

ስመኝ፦ አንዱ ለረድኤት ኮሚቴ። ሁለተኛው?

ሺበሺ፦ እህቴ ቤት የሚወስደኝ ታክሲ ከየት እንደሚነሳ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ስንወጣ አንቺ ታሳዪኛለሽ።

ስመኝ፦ አሳይዎታለሁ። እንዲያውም አደርስዎታለሁ። … ግን አንድ ቦታ ባዶ ነው። ዋስ የሚለው ላይ እንደ ዱሮው ራስዎ ሊፈርሙበት ነው እንዴ?

ሺበሺ፦ አይ። እሱን አንድ ጊዜ ሞክሬው አይቼዋለሁ። እስክሪብቶው ይኸው። … ዋስ የለኝም ስመኝ፣ ፈርሚልኝ።